ቆጣሪው የተሸጠውን እንጂ የተፈለገውን አይነግርም
የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዙር የመረጥናቸው ደብዳቤዎች ከደሴና ከኮምቦልቻ የመጡ ናቸው። ጸሐፊዎቹ የማደያ ሰዎች፣ ተማሪዎችና አንድ የባጃጅ ማኅበር ጸሐፊ ሲሆኑ፣ የሁሉም ጥያቄ የቤንዚንን ፍላጎት በቁጥር ስለመገመት ነው። ስለ ናፍጣ የጠየቃችሁን ለሌላ ዙር አቆይተናችኋል፤ የናፍጣ ገዢው የጭነት መኪናና ፋብሪካ ስለሆነ ሒሳቡ ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ኮምቦልቻ ውስጥ የነዳጅ ማደያ አስተዳድራለሁ። የየቀኑን የቤንዚን ሽያጭ ከቆጣሪው እያነበብኩ እመዘግባለሁ። አማካዩን አውጥቼ፣ የአራት ቀን ሽያጭ የሚሆን ሲቀረኝ አዝዛለሁ፤ ቦቴውም በአማካይ በአራት ቀን ይደርስልኛል። በሒሳቡ ከሆነ ሊያልቅብኝ አይገባም ነበር። ግን በየወሩ ያልቅብኛል። ባጃጆቹ ናቸው የሚያሟጥጡት ወይስ ሒሳቤ ነው የተበላሸው?
የማደያ ሥራ አስኪያጅ፣ ኮምቦልቻ

መልስ፦ ባጃጆቹን ይተዉአቸው፤ ነገሩ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሆናል። ሒሳብዎ ሁለት ቦታ ላይ ያነክሳል።

የመጀመሪያው አማካዩ ነው። ቤንዚን ባለቀበት ቀን ቆጣሪው ያሳየው ሰው የፈለገውን ሳይሆን ታንከሩ ውስጥ የነበረውን ነው። ያንን ቁጥር ከሙሉ ቀን ሽያጭ ጋር ደምረው ሲያካፍሉ አማካዩ ወደ ታች ይወርዳል። ባለቀብዎ ቁጥር አማካዩ ያንሳል፤ አማካዩ ሲያንስ የሚያዙት ያንሳል፤ የሚያዙት ሲያንስ ደግሞ መልሶ ያልቃል።

ለማሳያ ስምንት ቀን እንውሰድ። ሽያጩን ከትንሽ ወደ ትልቅ ስንደረድረው 3,000 (አለቀ)፣ 3,400፣ 3,600፣ 3,800 (አለቀ)፣ 4,100፣ 4,400 (አለቀ)፣ 4,900 እና 5,300 ሊትር ነው እንበል። «አለቀ» ያልነው ማደያው ሳይዘጋ ቤንዚኑ የተሟጠጠበትን ቀን ነው። ተራ አማካዩ 4,062 ሊትር ይመጣል። ነገር ግን 3,000 ተሽጦ ባለቀበት ቀን የምናውቀው ፍላጎቱ ከ3,000 እንደማያንስ ብቻ ነው። ከዚያ በላይ ስንት እንደነበረ መዝገቡ ላይ የለም።

ይህንን ለማረም በ1958 እ.ኤ.አ. ኤድዋርድ ካፕላንና ፖል ማየር ላልተሟላ መረጃ ያወጡትንና በሕክምና ጥናት በስፋት የሚሠራበትን ዘዴ መጠቀም ይቻላል። ወረቀትና ካልኩሌተር ይበቃል። ቤንዚን ባላለቀበት በእያንዳንዱ ቀን ሊትር ላይ ቆመው «እዚህ የደረሱት ቀኖች ስንት ናቸው? ከእነሱስ ስንቱ አለፉት?» ብለው ይጠይቁ። 3,400 ላይ የደረሱት 7 ቀኖች ናቸው፤ 6ቱ አልፈውታል፤ 6 ለ7 ሲካፈል 0.857። 3,600 ላይ 6 ደርሰው 5 አለፉ፤ 0.857 በ5/6 ሲባዛ 0.714። የ3,800ው ቀን አልቆበት ስለወጣ ከዚያ በኋላ አይቆጠርም። ስለዚህ 4,100 ላይ የደረሱት 4 ብቻ ናቸው፤ 3ቱ አለፉ፤ 0.536። የ4,400ው ቀንም እንዲሁ ወጣ። 4,900 ላይ 2 ደርሰው 1 አለፈ፤ 0.268። 5,300 ላይ ዜሮ። አሁን እርምጃዎቹን ይደምሩ፦ 3,400፣ ሲደመር 200 በ0.857፣ ሲደመር 500 በ0.714፣ ሲደመር 800 በ0.536፣ ሲደመር 400 በ0.268። ድምሩ 4,464 ሊትር ነው። ከተራው አማካይ በቀን 400 ሊትር ይበልጣል፤ በወር 12,000 ሊትር ማለት ነው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለው። አንደኛ፣ ከሁሉም ትልቁ ቁጥር «አለቀ» ከሆነ ውጤቱ አሁንም ያንሳል። ሁለተኛ፣ ዘዴው ጠዋት ታንከሩ ውስጥ የነበረው መጠን ከዕለቱ ፍላጎት ጋር እንዳልተያያዘ ይገምታል። በዓል ዋዜማ ላይ ሁልጊዜ ታንከርዎ ጎድሎ የሚያድር ከሆነ የበዓል ዋዜማዎችን ለብቻቸው ያስሉ። ቀኑን፣ በዓሉንና ዋጋውን አንድ ላይ ማስገባት ከፈለጉ በአር ወይም በስታታ (የስታቲስቲክስ ፕሮግራሞች ናቸው) የቶቢት ሪግሬሽን፣ ማለትም ሽያጩን ከእነዚህ ነገሮች ጋር የሚያያይዝ ስሌት ያሠሩ፤ «አለቀ» የሚለውን ምልክት ይቀበላል፣ ላለቀባቸው ቀኖችም «ፍላጎቱ ከዚህ በላይ የመሆኑን ዕድል» ያስገባል። አንዳንዶች ያለቀባቸውን ቀኖች ሰርዘው በቀሩት ብቻ አማካይ ያወጣሉ። ይህ ደግሞ ገበያ የሞቀባቸውን ቀኖች መርጦ መጣል ስለሆነ አማካዩ አሁንም ከፍላጎቱ ያንሳል።

ሁለተኛው ስህተት ከመጀመሪያው ይከፋል። ቦቴው «በአማካይ» በአራት ቀን ይደርሳል ሲሉ፣ አንዳንዴ በሁለት፣ አንዳንዴ በሰባት ቀን ይደርሳል ማለትዎ ነው። የቀን ፍላጎቱ አማካይ 4,464፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ (ከአማካዩ የሚርቅበት ልክ) 800 ሊትር፣ የቦቴው መድረሻ አማካይ 4 ቀን፣ ስታንዳርድ ዲቪዬሽኑ 1.5 ቀን ይሁን። ቦቴው እስኪደርስ የሚፈለገው በአማካይ 17,856 ሊትር ነው። የመዋዠቁ ስፋት ደግሞ እንዲህ ይሰላል፦ 4 በ800 ካሬ፣ ሲደመር 4,464 ካሬ በ1.5 ካሬ፣ ከዚያ ስኩዌር ሩት። የመጀመሪያው ክፍል 2.56 ሚሊዮን፣ ሁለተኛው 44.8 ሚሊዮን ገደማ ይመጣል። ልዩነታቸውን ልብ ይበሉ። ገዢው የሚያመጣው መዋዠቅ ቦቴው ከሚያመጣው አጠገብ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ስኩዌር ሩቱ 6,900 ሊትር ያህል ነው። ከአሥር ትእዛዝ በዘጠኙ እንዳያልቅብዎ ከፈለጉ ይህን በ1.28 አባዝተው ይጨምሩ፤ 26,700 ሊትር ገደማ ሲቀርዎ ማዘዝ አለብዎ። አሁን የሚያዙት 16,248 ሲቀር ነው። የቤንዚን ታንከርዎ የሚይዘው 25,000 ከሆነ ደግሞ ሞልቶም አይበቃም። ያን ጊዜ መነጋገር ያለብዎ ከአከፋፋዩ ጋር በመድረሻ ቀኑ ላይ ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ከታንከሩ ሌላ ሽያጩን የሚያስር አለ። ሰልፍ ባለበት ሰዓት የሚያነቡት የፍላጎትን ልክ ሳይሆን የቀጂዎችዎን ፍጥነት ነው። አንድ ባጃጅ ለመቅዳት፣ በቴሌብር ከፍሎ መልእክቱ እስኪገባ ድረስ 4 ደቂቃ ከፈጀ፣ በሁለት ቀጂ በሰዓት 30 ባጃጅ ይስተናገዳል። እያንዳንዱ 6 ሊትር ቢቀዳ 180 ሊትር ነው። ሰልፉ አሥር ባጃጅ ይሁን መቶ፣ ቆጣሪው ያው 180 ይላል። ስለዚህ ከነገ ጀምሮ መዝገብዎ ላይ እነዚህን ይጨምሩ፦ የተከፈተበት ሰዓት፣ ያለቀበት ሰዓት፣ ጠዋት 3 ሰዓትና ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ሰልፍ የያዙት ብዛት፣ ቦቴ የታዘዘበትና የደረሰበት ቀን። ያለ እነዚህ ዓምዶች የሦስት ዓመት መዝገብም ብዙ አያወራም።

ጥያቄ፦ ለመመረቂያ ጽሑፌ የደሴን የቤንዚን ፍላጎት በወርሃዊ ሽያጭ ሞዴል እያደረግሁ ነው። የሽያጩን ሎግ በዋጋው ሎግ ላይ ሪግሬስ ሳደርግ ኢላስቲሲቲው (ዋጋ በ1 በመቶ ሲለወጥ ሽያጩ በስንት በመቶ እንደሚለወጥ) ፖዘቲቭ 0.4 ወጣ፤ ፒ-ቫልዩውም (ግንኙነት ባይኖር እንዲህ ያለ ውጤት በአጋጣሚ የመውጣት ዕድል) ትንሽ ነው። አማካሪዬ «ዋጋ ሲጨምር ሰው አብዝቶ ይገዛል ልትል ነው?» አሉኝ። መረጃው ትክክል ነው። ምን ላድርግ?
ተማሪ፣ ደሴ

መልስ፦ አማካሪህ ልክ ናቸው፤ መረጃህም ልክ ሊሆን ይችላል። ያልተስተካከለው በመካከላቸው ያለው ነው።

መጀመሪያ ዋጋውን በግሽበት አካፍል። የማደያ ዋጋ በመንግሥት ስለሚወሰን ለወራት ሳይነቃነቅ ይቆይና በአንድ ሌሊት ይዘላል። በመካከሉ ግን ሌላው ነገር ሁሉ ይወደዳል። ዋጋው ለአንድ ዓመት ባይነካና ግሽበቱ 20 በመቶ ቢሆን፣ የቤንዚን እውነተኛ ዋጋ በ17 በመቶ ገደማ ወርዷል። አንተ «አልተለወጠም» ያልከው ዋጋ እየረከሰ፣ ሽያጩ ደግሞ እያደገ ነበር። የኢትዮጵያ ስታቲስቲክስ አገልግሎት በየወሩ የሚያወጣውን የሸማቾች ዋጋ መለኪያ ውሰድና አካፍለው። የአገር አቀፉን ሳይሆን የአማራ ክልሉን ብትወስድ ይሻላል።

ቀጥሎ የተሽከርካሪ ቁጥር አለ። ባለፉት ዓመታት የከተማው ባጃጅም የቤት መኪናም በዝቷል፤ የተጻፈው ዋጋም በየጊዜው ጨምሯል። ሁለቱ አብረው ስለወጡ ሪግሬሽኑ የባጃጆቹን ሥራ ለዋጋው ሰጥቶታል። ሊትሩን በተመዘገበ ተሽከርካሪ ቁጥር ማካፈል፣ ወይም ቢያንስ የጊዜ ትሬንድ (ከወር ወር በአንድ የሚያድግ ቁጥር) ማስገባት ያስፈልጋል።

ሦስተኛው ረቂቅ ነው። ዋጋ ሊጨምር ነው የሚል ወሬ ሲናፈስ ሰው ታንከሩን ይሞላል፣ ጀሪካን የያዘም ይጨምራል፣ ያለው ሻጭም ያቆያል። ዋጋው ከታወጀ በኋላ የተያዘው ይወጣል፣ ቦቴ ይመጣል፣ ሽያጩ ያድጋል። ይህ የአቅርቦት መሻሻል ነው፤ በአንተ ሞዴል ግን «ዋጋ ሲጨምር ፍላጎት ጨመረ» ሆኖ ይነበባል። ማስታወቂያ ከወጣበት ቀን በፊት ያለውን ሳምንትና በኋላ ያለውን ሳምንት በየራሳቸው ዳሚ (ሲሆን 1፣ ሳይሆን 0 የሚል ምልክት) ያዝ፣ በወሩ ውስጥ ማደያዎች ያለ ቤንዚን የዋሉባቸውን ቀኖች ድርሻም እንደ ተለዋዋጭ አስገባ። ብዙ ጊዜ ምልክቱ የሚገለበጠው እዚህ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቢሆን ብዙ አትጠብቅ። ለምን እንደሆነ በቁጥር እንየው። በታኅሣሥ 30 ቀን 2017 በአዲስ አበባ የቤንዚን ዋጋ ከ91.14 ወደ 101.47 ብር ከፍ አለ፤ በሎግ 0.107 ነው። እውነተኛው የአጭር ጊዜ ኢላስቲሲቲ −0.2 ቢሆን፣ ሽያጩ የሚቀንሰው በ2.1 በመቶ ነው። በቀን 4,464 ሊትር ለሚሸጥ ማደያ 95 ሊትር ማለት ነው። የዚህ ማደያ ሽያጭ ከቀን ቀን በ800 ሊትር የሚዋዥቅ ከሆነ፣ ይህችን 95 ሊትር ከግርግሩ ለይቶ ለማየት ከዋጋው በፊት 567 ቀን፣ ከዋጋው በኋላ 567 ቀን ያስፈልጋል፤ ያውም ቀኖቹ እርስ በርስ ካልተያያዙ ነው። በመካከሉ ሌላ የዋጋ ማስታወቂያ መውጣቱ አይቀርም።

«እንግዲያው ብዙ ማደያ ልሰብስብ» ትል ይሆናል። ይረዳል፤ ግን ራስህን አታታል። 10 ማደያ በ36 ወር 360 መስመር ይሆናል። ዋጋው በሁሉም ማደያ በአንድ ቀን ስለሚቀየር ግን፣ በ36 ወር ውስጥ 8 ጊዜ ተቀይሮ ከሆነ ስለ ዋጋ ያለህ መረጃ ዘጠኝ ደረጃ ብቻ ነው። ስታንዳርድ ኢረሩን (የግምቱን የስህተት ስፋት) በዋጋ ዘመን ክላስተር አድርገህ፣ ማለትም በአንድ ዋጋ ሥር ያሉትን ወሮች እንደ አንድ ቡድን ቆጥረህ አስላ። ያቺ ትንሽ ፒ-ቫልዩ ወዲያው ትጠፋለች። በጎ ጎንም አለው፤ ዋጋውን የሚወስነው የደሴ ገበያ ስላልሆነ፣ በሌላ አገር ጥናቶች ዋጋና ፍላጎት እርስ በርስ እየተወሳሰቡ የሚፈጥሩት ራስ ምታት አንተ ጋ ቀላል ነው።

ከተጻፈው ዋጋ ይልቅ ሰው በእውነት የከፈለውን ብትለካ ጥናትህ ይጠነክራል። ለ8 ሊትር 3 ሰዓት የተሰለፈ የባጃጅ ሾፌር በሰዓት 100 ብር የሚያገኝ ቢሆን፣ በሊትር 37.50 ብር በጊዜው ከፍሏል፤ 101.47 የተባለው ለእሱ 139 ብር ነው። መንገድ ዳር በሃይላንድ ፕላስቲክ የሚሸጠውም የራሱ ዋጋ አለው። እነዚህ ዋጋዎች ከሳምንት ሳምንትና ከሰፈር ሰፈር ይለያያሉ፤ ለሪግሬሽን የሚያስፈልገው ደግሞ መለያየት ነው። ከፒያሳ እስከ ጢጣ ባሉ ማደያዎች ለሦስት ወር የሰልፍ ርዝመት ብትቆጥር ከአሥር ዓመት ወርሃዊ ሽያጭ የተሻለ ታገኛለህ። ከሐምሌ 2014 ጀምሮ የሕዝብ ማመላለሻ ተሽከርካሪዎች በቴሌብር በኩል ድጎማ ሲያገኙ የቤት መኪና ግን ሙሉውን ሲከፍል እንደነበርም አትርሳ፤ በአንድ ፓምፕ ሁለት ዋጋ ነበረ። ሁለቱን ገዢ ለይ።

ለማወዳደሪያ አንድ ነገር እንስጥህ። ሂውዝ፣ ኒተልና ስፐርሊንግ የአሜሪካን መረጃ ይዘው በ2008 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ1975 እስከ 1980 የአጭር ጊዜ ኢላስቲሲቲው ከ−0.21 እስከ −0.34፣ ከ2001 እስከ 2006 ደግሞ ከ−0.034 እስከ −0.077 ነበር። አንድ አገር ውስጥ እንኳ በሠላሳ ዓመት እንዲህ ከተለያየ፣ የእነሱን ቁጥር ቀድቶ ደሴ ላይ መለጠፍ ትርጉም የለውም። እዚያ የሚገዛው የቤት መኪና ባለቤት ነው፤ እዚህ ግን ብዙው ገዢ ነጋዴ ነው፣ የጨመረበትን ዋጋ ወደ ተሳፋሪው ያሻግራል።

ጥያቄ፦ የባለፈውን ወር ሽያጭ በሞዴሉ ውስጥ ሳስገባ አር-ስኩዌሩ (ሞዴሉ ከሽያጩ መለያየት የገለጸው ድርሻ) 0.97 ሆነ። የዋጋው ኮኤፊሸንት (ማባዣ ቁጥር) −0.2፣ የባለፈው ወር 0.95 ነው። የረጅም ጊዜ ኢላስቲሲቲ −4 ይወጣል። ይታመናል?
ኮምቦልቻ

መልስ፦ አይታመንም። −4 ማለት ዋጋው 10 በመቶ ሲጨምር ፍጆታው ውሎ አድሮ በሲሶ ይቀንሳል ማለት ነው። የረጅም ጊዜውን ያገኙት −0.2ን ለ(1 ሲቀነስ 0.95) በማካፈል ነው፤ ማካፈያው 0.05 ስለሆነ ትንሽ ስትነቃነቅ ሁሉን ታናውጣለች። የ0.95 ስታንዳርድ ኢረር 0.03 ቢሆን፣ በ0.92 መልሱ −2.5፣ በ0.98 ደግሞ −10 ይሆናል። 0.97ቱም የሚናገረው የዚህ ወር ሽያጭ ያለፈውን ወር እንደሚመስል ብቻ ነው፤ ያንን ያለ ስታቲስቲክስም እናውቀዋለን። ትሬንድ ያስገቡ፣ ተከታታይ መረጃው ዩኒት ሩት እንዳለው፣ ማለትም ወደ ቋሚ አማካይ የማይመለስ እንደሆነ ይፈትሹ። ለኦቶኮሪሌሽን (የአንድ ወር ስህተት ከቀጣዩ ወር ስህተት ጋር ለመያያዙ) የደርቢን–ዋትሰንን ፈተና አይጠቀሙ፤ የባለፈው ወር ሽያጭ ባለበት ሞዴል ላይ ወደ 2፣ ማለትም ወደ «ችግር የለም»፣ እየተጠጋ ያሞኛል። የብሩሽ–ጎድፍሬይ ፈተና ይሻላል።

ጥያቄ፦ የማደያችን ደረሰኝ በኢትዮጵያ ቀን፣ የቴሌብርና የባንክ ሪፖርቱ በፈረንጅ ቀን ነው። በተጨማሪ ጳጉሜን ምን እናድርጋት? አንድ ወር ናት ብለን ስናስገባ ሽያጩ ገደል ይገባል።
የሒሳብ ሠራተኛ፣ ደሴ

መልስ፦ ጳጉሜን ከነሐሴ ጋር አዋህዱና ለ35 ቀን አካፍሉ፤ ጳጉሜ 6 በሆነችባቸው እንደ 2011 እና 2015 ባሉ ዓመቶች ለ36። የሌሎቹን ወሮች ድምር ለ30 አካፍሉ። ከዚያ በኋላ የምትሠሩት ሁሉ በ«ቀን አማካይ» ይሁን እንጂ በወር ድምር አይሁን።

ቀን ለመለወጥ «7 ዓመት ከ8 ወር» እያሉ መቀነስ ስህተት ያመጣል። ኤክሴል ላይ የዓመቱን የመስከረም 1 የፈረንጅ ቀን በአንድ ሴል ጻፉ፤ ለ2017 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024 ነው። ከዚያ (ወር ሲቀነስ 1) በ30፣ ሲደመር ቀን፣ ሲቀነስ 1 ብላችሁ ጨምሩበት። ታኅሣሥ 30 ሲሆን 90 ሲደመር 30 ሲቀነስ 1፣ 119 ነው፤ ሴፕቴምበር 11 ላይ 119 ቀን ሲጨመር ጃንዋሪ 8 ቀን 2025 ይሆናል። ጳጉሜ 13ኛ ወር ሆና በዚሁ ቀመር ትገባለች። ከጳጉሜ 6 በኋላ መስከረም 1 በሴፕቴምበር 12 እንደሚውል ብቻ አትርሱ፤ 2016 እንደዚያ ነበር።

ስለ በዓላት አልጠየቃችሁም እንጂ በወሎ ምድር ያለ እነሱ ሞዴል አይቆምም። በኢትዮጵያ ወር ዳሚ ማስገባት ግሸን ማርያምን ይይዛል፤ መስከረም 21 ሁልጊዜ መስከረም 21 ነው፣ ከዚያ በፊት ባሉት ቀኖች ወደ አምባሰል የሚሄደው መኪና ደሴ ላይ ይቀዳል። ዒድ አል ፈጥርን ግን አይይዝም። በ2016 ሚያዝያ 2፣ በ2017 መጋቢት 21 ነበር የዋለው፤ በየዓመቱ በ11 ቀን ያህል ወደኋላ ይሸሻል። ፋሲካም እንዲሁ በ2016 ሚያዝያ 27፣ በ2017 ሚያዝያ 12 ነበር። ለረመዳን «በወሩ ውስጥ የጾሙ ቀኖች ድርሻ» የሚል ተለዋዋጭ ሥሩ፤ ከ0 እስከ 1 ይሄዳል። ለዒድና ለፋሲካ የዋዜማውን ሦስት ቀን ለብቻ፣ የበዓሉን ቀን ለብቻ ያዙ፤ ዋዜማው ላይ ይጨምራል፣ በበዓሉ ቀን ይወርዳል፣ አንድ ላይ ከተደመሩ ተጣፍተው ምንም ያልሆነ ይመስላል። የዕለት መረጃ ካላችሁ ሰኞንም ለዩ፤ የባቲ ገበያ ሰኞ ስለሚውል የኮምቦልቻ መውጫ ማደያዎች ላይ መታየት አለበት።

ጥያቄ፦ በ2014 ጦርነቱ ከተማችን በደረሰበት ጊዜ መረጃ የለንም። ዜሮ እንሙላ ወይስ የፊትና የኋላውን አማካይ?
ደሴ

መልስ፦ ሁለቱንም አታድርጉ። ከጥቅምት መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ 2014 ያለውን ባዶ ተዉት። ዜሮ ብትሉ ሰው ቤንዚን አልፈለገም ማለት ይሆናል፤ አማካይ ብትሞሉ ደግሞ ያልነበረ ሰላም መጻፍ ነው። ያለፈው ወር ሽያጭ በሞዴሉ ካለ፣ ከክፍተቱ ቀጥሎ ያለው ወርም ይውጣ። ከዚያ በኋላ ላለው ዘመን ደረጃ የሚለውጥ አንድ ዳሚ አስገቡ፤ የተሽከርካሪውም የማደያውም ቁጥር እንደ ድሮው ነው ብሎ መገመት አይቻልምና።

ደሴና ኮምቦልቻን ለየብቻ ሞዴል ላደረጋችሁ ደግሞ አንድ ማሳሰቢያ። ደሴ ሲያልቅ ሾፌሩ የሐረጎን ቁልቁለት ወርዶ ኮምቦልቻ ይቀዳል። የደሴ ሽያጭ ሲወድቅ የኮምቦልቻው ይነሳል፤ ሁለቱም የፍላጎት ለውጥ አይደሉም። ደምራችሁ አንድ ገበያ አድርጉት። ሲመለስ አንድ ቶን የሚመዝን መኪና ወደ 600 ሜትር ከፍታ ለመውጣት ብቻ ከ0.7 ሊትር በላይ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ጉዞው ራሱ ፍጆታ ይጨምራል።

ጥያቄ፦ የባጃጅ ማኅበር ጸሐፊ ነኝ። ለአንድ ባጃጅ በቀን ስንት ሊትር ይበቃል ተብለን ተጠይቀን ሾፌሮቻችንን ስንጠይቅ ግማሹ 5፣ ግማሹ 10 አለን። ይህን ይዘን መቅረብ እንችላለን?
ደሴ

መልስ፦ ይህን ይዘው ባይቀርቡ ይሻላል። 5 እና 10 የአፍ ቁጥሮች ናቸው፤ በዚያ ላይ ሰልፍ የለመደ ሾፌር የሚነግርዎ የሚያገኘውን ወይም እንዲሰጠው የሚፈልገውን እንጂ የሚያቃጥለውን አይደለም። በኪሎ ሜትር ይለኩ። ታንከሩን እስከ አፉ ሞልቶ የኪሎ ሜትር ንባቡን መጻፍ፣ ሁለት ቀን መሥራት፣ በመካከል የተቀዳም ካለ መመዝገብ፣ እንደገና እስከ አፉ ሞልቶ የገባውን ሊትርና አዲሱን ንባብ መጻፍ፤ የሊትሩ ድምር ለሁለት ሲካፈል የአንድ ቀኑ ነው። ሁለተኛው ሙሊት በተመሳሳይ ማደያ፣ ባጃጇም ደልዳላ ቦታ ላይ ቆማ ይሁን፤ ዘንበል ብላ ስትሞላ ግማሽ ሊትር ትዋሻለች። ስፒዶ ሜትሩ የማይሠራ ባጃጅ አይካተት።

ስንት ባጃጅ ይለካ? በባጃጆች መካከል ያለው የቀን ፍጆታ ስታንዳርድ ዲቪዬሽን 1.5 ሊትር ገደማ ከሆነና መልሱ በግማሽ ሊትር ውስጥ እንዲያርፍ ከፈለጉ፣ 1.96 በ1.5 ተባዝቶ ለ0.5 ተካፍሎ ካሬው ወደ 35 ይመጣል። 35ቱን ግን ከአንድ ተራ አይውሰዱ። ከጦሳ ተራራ ሥር ዳገት የሚወጡትና ሜዳ ላይ የሚመላለሱት እኩል አያቃጥሉም፤ ከአባላት ዝርዝር ላይ በየመስመሩ በዕጣ ያውጡ። ሲያቀርቡም አማካዩን ብቻ አይስጡ። አማካዩ ኮታ ከተደረገ ግማሹ ሾፌር ከሰዓት በኋላ ሥራ ይፈታል። ከአሥር ዘጠኙን የሚያዳርሰውን ሊትር ጎን ለጎን ያስቀምጡ።

ጥያቄ፦ በዲፕስቲክ (ታንከሩ ውስጥ በሚገባው መለኪያ ዘንግ) የምለካውና ቆጣሪው አይገጥሙም። ለትንበያው የትኛውን ልውሰድ?
የማደያ ሠራተኛ፣ ኮምቦልቻ

መልስ፦ ቆጣሪውን ውሰድ፤ ለሙከራ በ20 ሊትር መለኪያ ተቀድቶ ወደ ታንከር የተመለሰውን ግን ቀንስ። በሳምንት ሁለቴ ሁለት ፓምፕ ከተፈተሸ በወር ወደ 350 ሊትር ያልተሸጠ ሽያጭ ይመዘገባል። የዲፕስቲኩ ልዩነት ብዙ ጊዜ ከሙቀት ነው። ቤንዚን በአንድ ዲግሪ ሴልሺየስ 0.12 በመቶ ገደማ ያብጣል፤ በረሃ አቋርጦ በ35 ዲግሪ የደረሰ 20,000 ሊትር መሬት ውስጥ ወደ 20 ዲግሪ ሲቀዘቅዝ 360 ሊትር ያህል ይጎድላል፣ ማንም ሳይሰርቅ። ቦቴ ከተራገፈ በኋላ ወዲያው አትለካ፤ ቤንዚኑ እስኪረጋ ጠብቅ፣ ሙቀቱንም ጻፍ። ጉድለቱ ቦቴ ባልመጣባቸው ሳምንታትም በየቀኑ ወደ አንድ አቅጣጫ የሚሄድ ከሆነ ግን የሙቀት ነገር አይደለም፤ የታንከሩንና የመስመሩን ፍሳሽ አስፈትሽ፣ የዘንጉን ጫፍ ውኃ አመልካች ቅባት ቀብተህ ታች ውኃ እንዳለ እይ።